ከጠራዥ ጠረጴዛ

በአምቦ ተቀምጦ ስለ ደራሲ የሚያወራ ሰው፣ ቦዳ ላይ የተወለደውን ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሳያነሣ ቢያልፍ ነውር ይሆንበታል፤ እኔ ግን መጽሐፍ ጠራዥ ነኝና፣ ከጉደርም ከግንጪም ከጌዶም ተገነጣጥሎ የሚመጣልኝን አይቼ ስፈርድ፣ የባለቅኔው መድበል በክብር ከመደርደሪያ ሲቀመጥ፣ የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንደሚያልቅ እመሰክራለሁ።

የብራና መጽሐፍ የሚደጉሱ አበው ጥራዙን ሰፍተው በእንጨት ገበታ የሚያጸኑት ለልጅ ልጅ ብለው ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ስስ ሽፋን መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው በሙጫ ብቻ ስለሚያዝ፣ ሙጫው ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል። ስለዚህ አሮጌውን ሙጫ በቢላዋ ፍቄ፣ ጠርዙን በወስፌ በስቼ፣ ሰም በነካ ክር እሰፋዋለሁ። የበዓሉ «ኦሮማይ» ሲመጣልኝ እጅግ አድፎ የማገኘው፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ ስብሰባ የሚተረክበት ገጽ ንጹሕ ነው፤ በዚህም አንባቢውን አልወቅስም።

በሌላው ዓለም ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው በሽያጩ ብዛት ባለጸጋ ሊሆን ይችላል። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነት አጥንቶ፣ «አዲስ ዘመን»ን በዋና አዘጋጅነት መርቶ እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት የደረሰው በዓሉ ግን፣ በ1974 ዓ.ም. ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ኤርትራ ወርዶ ያየውን በልብ ወለድ ቢያወጣው፣ በ1975 በኩራዝ አሳታሚ የታተመው «ኦሮማይ» ከየመደብሩ ተለቀመ፤ እርሱም ከሥራው ተሻረ፤ በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ባለፈው ክረምት አንድ የጉደር አዛውንት የመጨረሻ ቅጠሎቹ የጠፉበትን የዚያን ዘመን እትም ይዘው መጡ። አዲስ እትም ከመደብር እንደሚገኝ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ያኔ ጎተራ ውስጥ የደበቅሁት ይኸን ነው፤ ይልቅ መጨረሻውን ፈልግልኝ» አሉኝ። ከሌላ ደንበኛ ቅጂ አስፈቅጄ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁና፣ ወረቀቱ ከቀሪው ይልቅ ቢነጣም በልኩ ቆርጬ ሰፋሁትና ጀርባውን ሙጫ ቀባሁት። «አባባ፣ ሙጫው እስኪደርቅ እስከ ነገ አይግለጡት» ብላቸው ሒሳባቸውን ከፍለው አመሰገኑኝ፤ ከበራፉ ሳይርቁም ገልጠው ማንበብ ጀመሩ።