የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ማሻሻያ ንቅናቄ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የፅንስ ማቋረጥ ሕግን ለማሻሻል የተደረገው ንቅናቄ ሐኪሞች፣ ሴት የሕግ ባለሙያዎችና የቤተሰብ ምጣኔ ሠራተኞች ያካሄዱት ጥረት ነው። ውጤቱም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ሲሆን፣ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር። ለዚህም የሁለተኛ ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። አንድ ሐኪም እንኳ በማይገኝበት ገጠር ይህ ከክልከላ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በድብቅ ያስወርዱ ነበር፤ ደም ሲፈሳቸው ወይም ሲመረቅዙ ሆስፒታል ይደርሳሉ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግምት፣ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዙ ልዩ ልዩ ምክንያቶች ይሞቱ ነበር።

ሕጉ ሲከለስ ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው በሰልፍ ሳይሆን በስብሰባ አዳራሽ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበር በየሆስፒታሉ የሚታየውን ጉዳት ይዞ ቀረበ። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ የሴቶችን መብት አነሣ። የሃይማኖት ተቋማት ተቃወሙ፤ አሁንም ይቃወማሉ። ውጤቱም መሐል ላይ የቆመ ሕግ ሆነ። ፅንስ ማቋረጥ ወንጀል እንደሆነ ቀርቶ፣ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና ሲሰጋ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ሳትችል ስትቀር አያስቀጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙ ሰው የማያነበው አንቀጽ 552 ይመስላል። ተደፍራ ላረገዘች ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም የደፈራትን ሰው እንድትጠቁም እንደማትገደድ ገለጸ፤ ዕድሜዋም ራሷ እንደተናገረችው ይመዘገባል። የልደት ምስክር ወረቀት እምብዛም በማይታወቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዋላጆችና ነርሶችም አገልግሎቱን እንዲሰጡ ተፈቀደ።

የጉትማከር ተቋምና አይፓስ ባወጡት ግምት፣ በ2000 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተደረጉ የፅንስ ማቋረጦች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2006 ዓ.ም. 53 በመቶ ደረሱ። ይህም ማለት ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ ቀርቷል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው አማኑኤል ባሉ ትንንሽ የጎጃም ከተሞች ሌላም እንቅፋት አለ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ጤና ጣቢያ በር ላይ የታየች ልጅ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ሊገባ ይችላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእርግዝና መከላከያ ይሰጣሉ፤ ፅንስ ማቋረጥ የምትፈልገውን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚልኳት።