ሞክሼዎች በቻይና ምድር

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት፣ ዜንግ ሼን የሚባል፣ የታላቁ የቻይና መምህር የኮንፊዩሺየስ ደቀ መዝሙር የነበረ፣ በትሕትናውና ለወላጆቹ በነበረው ፍጹም ታዛዥነት ስሙ እስከ ዛሬ በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ በክብር የሚጠራ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ፌይ በምትባለው አገር በተቀመጠበት ወራት፣ በቤተሰቡም በተጸውዖውም ስም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ዜንግ ሼን በዚያው ይኖር ነበርና፣ ያ ሌላው ሰው ነፍስ አጠፋ። ወዲያው አንድ ሰው ወደ ደቀ መዝሙሩ እናት መጥቶ ዜንግ ሼን ሰው መግደሉን ቢነግራት፣ እናት የልጇን ጠባይ ታውቃለችና እርሱ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማያደርግ መልሳ ሸማዋን መሥራቷን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ሰው መጥቶ ያንኑ ነገር ደገመላት፤ እርሷም እጇን ከሥራዋ አላነሣችም። ሦስተኛው መጥቶ ያንኑ በነገራት ጊዜ ግን ልቧ ከዳትና መወርወሪያዋን ጥላ፣ አጥር ዘላ ሸሸች።

ታሪኩ የሚገኘው የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን በሚባለው ጊዜ የነበሩ መኳንንት ምክርና ብልሃት በተሰበሰበበት መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ ተናጋሪውም ጋን ማኦ የተባለው የቺን መንግሥት ሹም ነው። ጋን ማኦ ዪያንግ የምትባለውን ከተማ ለመውጋት ወደ ሩቅ አገር ሊዘምት በተነሣ ጊዜ፣ እርሱ በሌለበት ጠላቶቹ በንጉሡ ፊት እንዳያጣሉት ስለ ሰጋ፣ እናት እንኳ በሦስት ሰዎች ቃል ልጇን ከተጠራጠረች ንጉሥ ሹሙን ለመጠራጠር ምን ያህል እንደሚቀርበው በዚህ ታሪክ አስረድቶ ንጉሡን ቃል ኪዳን አስገባው። ስለዚህ ቻይናውያን የዜንግ ሼንን ነገር የሚያነሡት የሐሜትን ኃይል ለማሳየት ነው። እኔ ግን ታሪኩን በአሰብሁት ቁጥር ልቤ የሚያርፈው በሌላ ስፍራ ነው፤ ሦስቱ መልእክተኞች አልዋሹምና። ዜንግ ሼን በእርግጥ ሰው ገድሎ ነበር። የተነገረው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ በንጹሕ ሰው ላይ የሐሰት ምስክርነት የሆነው፣ የትኛው ዜንግ ሼን እንደሆነ ለይቶ የሚናገር አንድ ሰው ስለ ጠፋ ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች «ሞክሼ» እየተባባሉ በፍቅር ይጠራራሉ። በቻይና ግን የሞክሼ ብዛት ከፍቅር መጠራሪያነት አልፎ የመንግሥትንም የታሪክ ጸሐፊዎችንም ሥራ የሚያከብድ ነገር ሆኖ ኖሯል። ቻይናዊ አስቀድሞ የቤተሰቡን ስም፣ ቀጥሎ የተጸውዖ ስሙን ይናገራል፤ የቤተሰቡ ስም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፊደል፣ የተጸውዖው ስም በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ይጻፋል። በሶንግ ነገሥታት ዘመን ተዘጋጅቶ ሕፃናት በቃል ያጠኑት የነበረው የቤተሰብ ስሞች መጽሐፍ፣ የነገሥታቱ ቤት ስም በሆነው በዣኦ ጀምሮ የሚዘረዝራቸው ስሞች ወደ 500 ያህል ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ዋንግ፣ ሊ፣ ዣንግ፣ ሊዩና ቼን የተባሉት አምስቱ ብቻ ዛሬ ከመቶው ሕዝብ 30 ያህሉን ይዘዋል። የአገሩ የፀጥታ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው ቆጠራ፣ ዣንግ ዌይ የሚለውን ስም የያዙት ሰዎች ከ290,000 በላይ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ስም ሲጠራ እንደ ማለት ነው።

ይህ መብዛት ጥንታዊ ምክንያትም አለው። በልደተ ክርስቶስ ዘመን አካባቢ የሃንን ቤት ዙፋን ነጥቆ የነገሠው ዋንግ ማንግ፣ በሁለት ፊደል የሚጻፍ የተጸውዖ ስም ከጥንቱ ሥርዐት የራቀ ነው ብሎ ስለ ነቀፈ፣ ከእርሱ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ስመ ጥር የሆኑት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ አንድ ፊደል ስም ይዘው እናገኛቸዋለን። ፊደሉ ሲያጥር ደግሞ ሞክሼው መብዛቱ ግድ ነው። ይህን ችግር በመጠኑ ያቃለለው፣ ወንድ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ሌላ የክብር ስም የሚሰጥበትና የሰውየው የትውልድ አገር ከስሙ ጋር አብሮ የሚጠራበት ልማድ ነበር።

ከዚህ ላይ ለአንባቢ ላስረዳው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። እኛ በፊደላችን ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰንና ሠን ሞክሼ ፊደላት እንላቸዋለን፤ መልካቸው ልዩ ሲሆን ድምፃቸው አንድ ሆኗልና። የቻይና ጽሕፈት እንዲህ ባሉ ሞክሼዎች የተሞላ ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት ስለ ሥዕል ጥበብ የጻፈ ዋንግ ዌይ ነበረ፤ በስምንተኛው መቶ ዓመትም በታንግ ነገሥታት ዘመን ባለቅኔም ሠዓሊም የነበረ ሌላ ታላቅ ዋንግ ዌይ ተነሣ። እኛ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብንጽፋቸውም፣ የአገራቸው አንባቢ ግን «ዌይ» የሚለው በሁለት ልዩ ልዩ ፊደላት መጻፉን ሲያይ ከቶ አያምታታቸውም። የድምፃቸው መነሣትና መውደቅም የቃሉን ፍች ይለውጣል፤ ያ ግን በእኛ ጽሕፈት አይታይም፤ ልክ የልደት በዓል የሆነው «ገና» እና ጊዜን የሚያመለክተው «ገና» በንባብ በመጥበቅና በመላላት ሲለያዩ በጽሕፈት አንድ እንደሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ከቻይና ውጭ ሞክሼ የሚመስሉት ብዙዎቹ በአገራቸው ሞክሼዎች አይደሉም።

በፊደልም በድምፅም አንድ ከሆኑት መካከል በእኛ ዘመን የታወቁት ሊ ና የተባሉት ሴቶች ናቸው። አንዲቱ ሊ ና እ.ኤ.አ. በ2011 በፈረንሳይ፣ በ2014 ደግሞ በአውስትራሊያ የቴኒስ ውድድር አሸንፋ፣ ከእስያ የግራንድ ስላምን የነጠላ ዋንጫ በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሆናለች። ሁለተኛዪቱ ሊ ና በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ከባልንጀራዋ ከሳንግ ሹዌ ጋር ከ10 ሜትር ከፍታ ወደ ውኃ በመጥለቅ ወርቅ አገኘች። ሦስተኛዪቱ ሊ ና በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በሰይፍ ግጥሚያ ከጓዶቿ ጋር ወርቅ ተሸለመች። ሊ ና በሚል የመድረክ ስም የታወቀች አንዲት ዘፋኝም ነበረች፤ የቲቤትን አምባ በሚያወድሰው ዜማዋ በአገሩ ሁሉ ከተሰማች በኋላ በ1997 ዓለምን ንቃ መነኰሰች።

የጥንቶቹ ሞክሼዎች ነገር ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ስም መመሳሰል ሞትና ሕይወት የሚቈረጥበት ነበርና። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ሊዩ ባንግ ሁለት ሃን ሺን የተባሉ የጦር ሰዎች ነበሩት። አንደኛው በችግር ያደገ፣ አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ከምግቧ እየከፈለች ያበላችው፣ በኋላ ግን በጦር ስልት ተወዳዳሪ ያልተገኘለትና ለጌታው ዙፋኑን ያስገኘለት ጄኔራል ነው። ሁለተኛው ከሊዩ ባንግ ሥርወ መንግሥት ልዩ ከሆነው ከጥንታዊው የሃን መንግሥት ነገሥታት ዘር የተወለደና በዚያው በአያቶቹ አገር ላይ የተሾመ መስፍን ነው። ይህኛው በ201 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በሰሜን የሚኖሩት የሺዮንግኑ ፈረሰኞች በከበቡት ጊዜ እርቅ ፈልጎ መልእክተኛ ቢልክባቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጠረጠረው፤ እርሱም ሞትን ፈርቶ ወደ ጠላት ገባ። በዓመቱ ሊዩ ባንግ ራሱ ከኋላው ዘምቶ ባይዴንግ በተባለ ስፍራ ሰባት ቀን ተከቦ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ጄኔራሉ ሃን ሺን ደግሞ በዐመፅ ተከሶ በ196 በእቴጌዪቱ በሉ ትእዛዝ በቤተ መንግሥት ተገደለ፤ መስፍኑ ሃን ሺንም በዚያው በ196 በጦር ሜዳ ወደቀ። ሁለት ሃን ሺን፣ አንድ ጌታ፣ አንድ የክሕደት ክስ፣ አንድ የሞት ዓመት! ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺያን ሁለቱን ባይለያቸው ኖሮ የአንዱ ክሕደት በሌላው መቃብር ላይ ተጽፎ በቀረ ነበር። እርሱ ግን ጄኔራሉን በመጨረሻ በተሰጠው ማዕርግ የኋይዪን ባላባት፣ ሌላውን የሃን ንጉሥ ሺን ብሎ፣ በተከታታይ ሁለት ምዕራፎች ለየብቻ አስቀመጣቸው። ከዚህ የሚበልጥ ለሙታን የሚደረግ ፍርድ የለም ብዬ አምናለሁ።

የሊዩ ሺዩ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይልቅ ልብን ይነካል። በዋንግ ማንግ ዘመን ሊዩ ሺን የሚባል፣ ከአባቱ ጋር የቤተ መንግሥቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ መርምሮ የመዘገበ፣ በሥነ ፈለክና በዘመን አቈጣጠርም የተራቀቀ ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በ6 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስሙን ሊዩ ሺዩ ብሎ ለወጠ። አንዳንዶች በዚያን ጊዜ የነገሠው አዲሱ የሃን ንጉሥ በድምፅ ከእርሱ ጋር ሞክሼ ስለ ሆነ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሊዩ ሺዩ የተባለ ሰው እንደሚነግሥ የሚናገር ትንቢት ሰምቶ ነው ይላሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ5 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ከነገሥታቱ ዘር የራቀ ቅርንጫፍ በሆነ ቤት አንድ ሕፃን ተወለደ፤ በዚያ ዓመት በአገሩ በአንድ አገዳ ላይ ዘጠኝ ዛላ ያፈራ እህል በመታየቱ፣ የእህልን ማፍራት በሚያመለክተው ቃል ሺዩ ተብሎ ተጠራ።

ዓመታት አልፈው ሕፃኑ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ፣ በአንድ ጉባኤ መካከል ትንቢት የሚያጠና ሰው ሊዩ ሺዩ የሰማይ ልጅ ሆኖ እንደሚነግሥ ተናገረ። ከተሰበሰቡት አንዱ፣ ይህ ትንቢት ለመንግሥቱ መምህር ለሊዩ ሺዩ የተነገረ ይሆንን ብሎ ሲጠይቅ፣ ጐልማሳው ለእኔ አለመሆኑን በምን ዐወቃችሁ ቢላቸው ሁሉም ሣቁበት። ሽማግሌው ሊቅ ግን ትንቢቱን በራሱ ላይ ሳያስተረጕም አልቀረም፤ ዋንግ ማንግ ልጆቹን ስለ ገደለበት ቂም ይዞ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ23 ከሌሎች መኳንንት ጋር ዶለተ። የዶለቱትን ሰዎች ደፋር ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የስሙ ትንቢት ነበር። ምክሩ ግን ተገለጠ፤ ሊቁም ራሱን ገደለ። በዚያው ክረምት ወጣቱ ሊዩ ሺዩ በኩንያንግ ከእርሱ እጅግ የሚበዛውን የዋንግ ማንግን ሠራዊት ድል ነሥቶ ነበርና፣ በ25 ነገሠ፤ የሃንንም መንግሥት መልሶ አቆመ። ከዚህ ወዲያ ሺዩ የሚለው ፊደል የንጉሥ ስም ሆኖ ስለ ተከለከለ፣ የተማሩ ሰዎች ማዕርግ ስም እንኳ ይህ ፊደል ስላለበት ተለወጠ።

ንጉሥ ስሙን የሚጋራው እንዳይኖር የሚከለክለው ይህ ሥርዐት ሕዝቡን ምን ያህል ያስጨንቀው እንደ ነበር አንዱ ንጉሥ ራሱ ተረድቶት ነበር፤ የሃኑ ሹዋን በ64 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ስሙ ሰው ሁሉ ዕለት ዕለት በሚጽፋቸው ፊደላት ስለ ተሠራ ብዙዎች ሳያውቁ እንደሚበድሉ አይቶ፣ ብዙ በማይጻፍ ፊደል ስሙን ለወጠ። እንዲህ ያለ ርኅራኄ በነገሥታት ዘንድ ብርቅ ነው።

በፈቃድ ሞክሼ የሆነም አለ። የሃን ዘመን ባለቅኔ ሲማ ሺያንግሩ በሕፃንነቱ የውሻ ልጅ የሚል የቤት ስም ነበረው፤ ሲያድግ ግን የከበረውን የዣኦን ዕንቍ ከኃይለኛው የቺን ንጉሥ እጅ በድፍረትና በጥበብ ያስመለሰውን ሊን ሺያንግሩን ስለ ወደደ፣ የእርሱን ስም ወሰደ።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ግን የባለቅኔው የሃን ሆንግ ነገር ነው። በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ በታንግ ንጉሠ ነገሥት በዴዞንግ ዘመን፣ ሃን ሆንግ አርጅቶ በአንድ ገዥ ቤት ዝቅተኛ ጸሐፊ ሆኖ ይኖር ነበር። አንድ ሌሊት ወዳጁ በሩን አንኳኵቶ የንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ጸሐፊ ሆኖ መሾሙን ቢያበስረው፣ ሃን ሆንግ ይህ ስሕተት ነው፣ ለእኔ ሊሆን አይችልም ብሎ አላመነም። የተሳሳተ እንዲመስለውም ምክንያት ነበረው፤ በዚያው ዘመን ሃን ሆንግ የሚባል ሌላ የአውራጃ ገዥ ነበረና። መኳንንቱም ንጉሡ ሃን ሆንግን ሹሙ ባላቸው ጊዜ ስለ ተቸገሩ የሁለቱንም ስም ጽፈው የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ዴዞንግም መልሱን የሰጠው ማዕርግ ወይም አገር በመጥቀስ አልነበረም፤ ሃን ሆንግ በዋና ከተማው ስለሚታየው ጸደይና የእሳት ክልከላ ስለሚደረግበት በዓል የገጠመውን አጭር ቅኔ በእጁ ጻፈና፣ ሹመቱ ይህን ለገጠመው ሃን ሆንግ እንዲሰጥ አዘዘ። ወዳጁ ይህን ነግሮት ቅኔው የአንተ አይደለምን ሲለው፣ ሽማግሌው የእርሱ መሆኑን አመነ፤ ሲነጋም ገዥውና ባልደረቦቹ ሊያመሰግኑት መጡ። የዜንግ ሼን እናት ያጣችውን ያን አንድ ለይቶ የሚናገር ሰው፣ ሃን ሆንግ በንጉሡ ላይ አገኘ።

ሞክሼዎችን ለይቶ ማስቀመጥ የሊቅ ተግባር መሆኑን ተረድቶ መጽሐፍ የጻፈበትም ንጉሥ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የሊያንጉ ሺያኦ ዪ፣ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዘመኑ ድረስ በቤተሰብም በተጸውዖም ስም አንድ የሆኑትን ሰዎች መዝግቦ ጽፏል፤ በዚህ ነገር ከተጻፉት መጻሕፍትም ከሁሉ ጥንታዊ ሆኖ እስከ ዛሬ የቈየልን ይህ ነው። በ554 የምዕራብ ዌይ ሠራዊት ዋና ከተማውን ጂያንግሊንግን በያዘ ጊዜ፣ ንባብ ከጥፋት አላዳነኝም ብሎ በምሬት የሰበሰባቸውን መጻሕፍት በእሳት አቃጠለ፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ብዛታቸውን 140,000 ጥቅልል ያደርሱታል። እርሱም ብዙ ሳይቈይ ተገደለ። ይህች ትንሽ የሞክሼዎች መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ አለፈች፤ በታንግ ዘመንና በዩዋን ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ስሞች ጨመሩባት፤ በ1408 በተፈጸመው በዮንግሌ ንጉሥ ታላቅ የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ተጻፈች፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመትም የቺያንሎንግ ንጉሥ ሊቃውንት ከዚያው ገልብጠው ለብቻዋ አወጧት።