የኦይስተር ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ

በአሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ የሚኖረው ኦይስተር በሁለት ዛጎሎች መካከል የተሸሸገ ለስላሳ እንስሳ ነው። ደም አለው፤ ነገር ግን ሄሞግሎቢን ስለሌለው ደሙ ውኃ ይመስላል። ከልብ የተረጨው ደም በደም ሥር ውስጥ ብቻ አይዞርም፤ በሥጋው መካከል ባሉ ክፍተቶች ፈስሶ ወደ ልብ ይመለሳል።

ደሙን የሚመረምር ባለሙያ ዛጎሉን ከሚዘጋው ጡንቻ በቀጭን መርፌ ጥቂት ጠብታ ይቀዳል። ጠብታው መስታወት ላይ ሲያርፍ ክብ የነበሩት ሕዋሳት ይለጠጣሉ፤ ጣት መሰል ነገር አውጥተው ይሳባሉ። ሄሞሳይት ይባላሉ።

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ግራኑሎሳይት ትልቅ ሲሆን ኒውክሊየሱ ትንሽ ነው፤ ውስጡ ኢንዛይም በያዙ ቅንጣቶች ተሞልቷል። ሃያሊኖሳይት ቅንጣት የለውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው ያለው፤ ኒውክሊየሱም ከሕዋሱ መጠን አንጻር ሰፊ ቦታ ይይዛል። ከሁለቱ ያነሱ፣ ገና ያልበሰሉ የሚመስሉ ሕዋሳትም ይታያሉ። እነዚህ በየፊናቸው የተለዩ ዓይነቶች ይሁኑ ወይስ የአንድ ሕዋስ የተለያየ ዕድሜ መልኮች፣ ተመራማሪዎች ገና አልተስማሙም።

ኦይስተር እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም። ባክቴሪያ ሲገባበት ግራኑሎሳይቱ ከብቦ ይውጠዋል፤ በኢንዛይምና በመርዛማ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጨዋል። ቁስል የሚደፍኑትም፣ ምግብ የሚያመላልሱትም ሄሞሳይቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ደግሞ አንዳንዶቹ የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ተሸክመው ወደሚሠራው ዛጎል እንደሚያደርሱ አሳይቷል።

ይህን ሁሉ ኃላፊነት የያዘ ሕዋስ ሲደፈር ጉዳቱ ከባድ ነው። ፐርኪንሰስ ማሪነስ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ በሄሞሳይት ይዋጣል፤ ግን አይሞትም። እዚያው ይራባል፤ ሕዋሱ በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሰራጫል። ተውሳኩ ለሰው ጤና አያሰጋም፤ በቼሳፒክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤዎች ግን እጅግ ብዙ ኦይስተር ፈጅቷል። በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ለማራባት የሚጥሩ ሰዎች ስለ ሄሞሳይት አጥብቀው የሚጠይቁትም ለዚህ ነው፦ ጥያቄያቸው ጠላትን መዋጡ ላይ አያበቃም፤ የዋጠውን መግደል መቻሉንም ማወቅ ይሻሉ።