የሰሜን ተራሮች ድመቶች

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ እንግዳ በአብዛኛው የሚሄደው ለሦስት እንስሳት ነው፤ ለዋልያ፣ ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ። ሦስቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ጭላዳው ደግሞ በመቶዎች ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ሣር ሲነጭ ስለሚውል የሄደ ሁሉ ሳያየው አይመለስም። በዚያው ተራራና በግርጌው ግን ሦስት ትንንሽ የዱር ድመቶች ይኖራሉ፤ አነር፣ ደልጋ አንበሳና የዱር ድመት። ነብሩን ከእነሱ አልቆጥረውም፤ እሱ ከትልልቆቹ ወገን ነው።

በዓለም ላይ ከ40 የማያንሱ የድመት ዝርያዎች አሉ፤ ትልልቆቹ ከሰባት አይበልጡም። የቀሩትን ትንንሾቹን ለማየት ብቻ ሞንጎልያ ድረስ የሚጓዙ፣ በደቡብ አፍሪካ ሜዳ ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ሲፈልጉ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰነብታሉ፣ አስጎብኚያቸውን አይለቁም፣ ያላዩትን ለማየት ደግመው ይመጣሉ። በአገራችን ይህን መሰሉን መንገደኛ በይበልጥ የሚስበው ባሌ ነው። በሰሜን ተራሮች አጠገብ ያሉት ደባርቅና ዳባት ግን ከባሌ የሚያንሱበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሦስቱ ለማየት ተስፋ የሚሰጠው አነር ነው። ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ጅራቱ አጭር፣ ራሱ ትንሽ፣ ጆሮው ትልቅ ነው። ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከድመት ወገን ሁሉ ረጅሙ እግር የእሱ ነው። አደኑ በጆሮ ነው። ሣር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጆሮዎቹን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። አይጧ ከሣሩ ሥር የምትንቀሳቀስበትን ቦታ ሲለይ አራት እግሩን ከመሬት አንሥቶ ይዘልና በሁለቱ የፊት እግሮቹ ከላይ ይጫናታል። በታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ በተደረገ ጥናት ከዝላዮቹ ግማሽ ያህሉ ግዳይ የሚጥሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ለአንበሳ እንኳ እንዲህ አይቀናውም። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ አነር አልፎ አልፎ ይታያል።

አነር የሚበላው በአብዛኛው አይጥ ነው። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ደግሞ ገብሱንና ስንዴውን ከአይጥ ጋር የሚካፈል ሰው ነው። እናም በማሳው ዳር የሚያልፈው አነር ከጉዳቱ ይልቅ ጥቅሙ ያመዝናል፤ አልፎ አልፎ ዶሮ ቢነጥቅም ማለቴ ነው። የዶሮዋ ነገር ግን በየቤቱ ይወራል፤ የአይጡን ነገር የሚያወራ የለም።

የዱር ድመት ለመለየት ያስቸግራል፤ መልኩ የቤት ድመት ነውና። ዘመናችን ያፈራው የዘር ምርመራ እንዳረጋገጠው ደግሞ የቤት ድመት ሁሉ የተገኘው ከዚሁ ወገን ነው፤ ቆጵሮስ ላይ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጋር የተቀበረ ድመት ተገኝቷል። ያዩት ድመት እግሩ ረዘም፣ የጆሮው ጀርባ ቀላ ያለ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ ከጫፉ ከፍ ብሎም ጥቁር ቀለበት ያለበት ከሆነ የዱሩ ሊሆን ይችላል። ይህን ዝርያ ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው ከመንደር ድመት ጋር መዳቀሉ ነው። በመንደሮች ተከቦ ባለ ተራራ ላይ ስጋቱ ቀላል አይደለም።

ደልጋ አንበሳ ቀላ ያለ፣ ነጠብጣብ የሌለው፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ጭራ ያለው ነው። ወፍ ከመሬት ስትነሣ ዘሎ ካየር ላይ ይይዛል። ቁጥቋጦ ያለበትን ደረቅ ቦታ ስለሚመርጥ እሱን የሚፈልግ ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይመልከት፤ ከደባርቅ ወጥቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆረጠው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ አዲአርቃይ ቆላ ይውረድ።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ናት። ክፍያው የሚፈጸመው፣ ስካውቱና አስጎብኚው የሚገኙት፣ በቅሎው የሚጫነው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የተለመደው ጉዞ ቶሎ ወደ ፓርኩ ማረፊያዎች፣ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጭንቅ መውጣት ነው። ለድመት ግን ይህ ጥድፊያ አይበጅም። አነር የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያን ጊዜ ጎብኚው ወይ ቁርስ ላይ ነው ወይ ድንኳኑን እየተከለ ነው። ወራቱም ይመረጣሉ። ክረምቱ እንደወጣ ተራራው ያምራል፤ ሣሩ ግን አነሩን ይውጠዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሣሩ ይደርቃል፣ ይተኛል፤ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ነውና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

ጠዋት መንገዱ ላይ ዱካ መፈለግ ያዋጣል። የድመት ዱካ ክብ ነው፤ አራት ጣት ይታያል፣ ጥፍር ግን አይታይም፤ ሲሄድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና። የቀበሮና የውሻ ዱካ ሞላላ ነው፤ ከየጣቱ ፊት የጥፍር ነጥብ አለ። እረኛ «አነር አየሁ» ሲል ደግሞ ስለ ጅራቱ መጠየቅ ይገባል። ረጅምና ቀለበት የበዛበት ጅራት ከሆነ ያየው ሸለምጥማጥ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከድመት ወገን አይደለም። እኔ ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ ይልቅ የእረኛውን ዓይን አምናለሁ፤ አጠያየቁን የሚያውቅ ሲኖር ነው እንጂ።

ፓርኩ ራሱ ብዙ አሳልፏል። በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከሉ ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ግጦሽ ሲቀንስ ሣሩ ያገግማል፤ ሣር ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ቀይ ቀበሮውም አነሩም ይኖራሉ። መንደራቸውን ለቀው የወጡት ሰዎች ከዚህ ማገገም የሚያገኙት ጥቅም ግን እስካሁን በቂ ነው አልልም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ ጭና ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ሙሉ ሰላም አላገኘም፤ በቅሎ ጫኚው፣ አብሳዩና ስካውቱ ገቢያቸው ተቋርጧል። ስለዚህ ማንም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጎንደር ላይም ደባርቅ ላይም ይጠይቅ።

እንግዳ በማይመጣበት በዚህ ጊዜም ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። የደባርቅ አስጎብኚዎችና ስካውቶች ያዩትን እያንዳንዱን ድመት፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ወር እንደታየ በደብተር ይመዝግቡ። ከዳባት ማሳ እስከ ሊማሊሞ ቁልቁለት ያሉ እረኞችም ለሚሰጡት መረጃ ይከፈላቸው። መንገዱ ሲከፈት ለሚመጣው መንገደኛ የሚታይ ነገር ያለው ማን እንደሆነ የሚለየው ያ ደብተር ነው፤ ዛሬውኑ ይጀመር።