የጣና ዳርቻ ጥበቃ ከጎንደር ወንዞች ይጀምራል

በጎንደር ከተማ ግራና ቀኝ የሚወርዱት የቀሃና የአንገረብ ወንዞች ወደ መገጭ ገብተው በደምቢያ ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይደርሳሉ። ከከተማዋ ቦዮች የሚወጣ ፍሳሽም ሆነ ከደጋው ማሳ ታጥቦ የሚወርድ አፈር መድረሻው ይኸው የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መከሰቱ ሲታወቅ ቀድሞ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር።

መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ፣ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ በበዛበት ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ዘሩም በደለል ውስጥ ተቀብሮ ለበርካታ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በመሆኑም በሰው ጉልበትም ሆነ በማሽን የሚካሄደው የነቀላ ሥራ አስፈላጊ ቢሆንም፣ አረሙን የሚመግበው ፍሳሽና ደለል እስካልተገታ ድረስ በየዓመቱ መደገሙ አይቀርም። ተነቅሎ በዳርቻው የተከመረው አረም ደርቆ ሳይወገድ ክረምቱ ከገባ ደግሞ፣ እየሞላ የሚመጣው ሐይቅ መልሶ ይወስደዋል። የአርሶ አደሩ የወራት ድካም በዚህ ሁኔታ በከንቱ ይቀራል።

ዳርቻው ቀድሞ የራሱ ማጣሪያ ነበረው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ደለሉን አግቶ ያስቀራል፣ ለዓሣ ጫጩቶችም መጠለያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት እስከ ውሃው አፍ ድረስ ስለሚታረስ ደንገሉ በብዙ ሥፍራ ተመናምኗል። የእርሻ መሬት ለጠበበው አርሶ አደር ሌላ አማራጭ ሳያቀርቡ እርሻውን መከልከል ግን ውጤት ያስገኛል ተብሎ አይጠበቅም።

ጉዳቱ ታችኛው ተፋሰስ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለጎንደር የመጠጥ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ ራሱ በደለል ምክንያት ውሃ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከንና የሚከለል ተራራ ለከተማው ቧንቧም ለሐይቁም እኩል ይጠቅማል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን የመሰብሰብና በአግባቡ የማስወገድ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ችግሩ ከተማው፣ የደጋው ወረዳዎችና ደምቢያ ዕቅዳቸውን በየራሳቸው ወሰን ማውጣታቸው ነው፤ ወንዙ ግን ሦስቱንም አቋርጦ ያልፋል።

በክረምት መውጫ ደግሞ በጣና ብቻ የሚገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ መገጭ ይወጣሉ። በእነዚህ ሳምንታት በወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዳይጣል የሚደረግ ቁጥጥር በጀት ብዙ የማይጠይቅ፣ በወረዳ ደረጃ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።