ከጠፈርተኞች የሚወሰድ ናሙና ለጤና ምርምር

ከጠፈርተኞች ደም፣ ሽንትና ዓይነ ምድር እየተወሰደ የሚመረመረው ክብደት አልባነትና ጨረር በሰው አካል ላይ የሚያስከትሉትን ለውጥ ለማወቅ ነው። ይሁን እንጂ ናሙና ብቻውን የሚያስረዳው ጥቂት ነው፤ መነጻጸሪያ ያሻዋል። ስለሆነም ከበረራ በፊት፣ በበረራ ጊዜና ከበረራ በኋላ ይወሰዳል።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያካሄደው የመንትዮች ጥናት በዚህ ረገድ ለሳይንስ መምህራን የተመቸ ምሳሌ ነው። ስኮት ኬሊ እ.ኤ.አ. ከማርች 2015 እስከ ማርች 2016 ድረስ 340 ቀናት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲቆይ፣ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያው ማርክ፣ እርሱም ቀደም ሲል ጠፈርተኛ የነበረ፣ በምድር ሆኖ ናሙና ይሰጥ ነበር።

በጣቢያው ሥራው ቀላል አይደለም። ፈሳሽ ስለሚንሳፈፍ ሽንት በክፍት ዕቃ አይያዝም። ደሙም በመሽከርከሪያ መሣሪያ ከተጣራ በኋላ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ሕያው ሕዋሳት ለሚፈለጉበት ምርመራ ግን ይህ አይበጅም፤ ስለዚህ ደሙ የሚቀዳው የሶዩዝ መንኮራኩር ወደ ምድር ልትመለስ ስትቃረብ ነበር።

በ2019 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነገር ይዟል፤ ይኸውም በክሮሞዞም ጫፎች ያሉት ቴሎሜሮች ያጥራሉ ሲባል በጠፈር መርዘማቸው፣ ከተመለሰም በኋላ ፈጥነው ማጠራቸው ነው። እርግጥ የአንድ ሰው ውጤት ለጠፈርተኞች ሁሉ አይበቃም። በ2018 አንዳንድ ጋዜጦች ከስኮት ጂኖች 7 በመቶው ተለወጡ ብለው መጻፋቸውም ስሕተት ነበር፤ የተለወጠው የጂኖቹ አሠራር እንጂ ጂኖቹ አልነበሩም።