መስታወቱ ጠርቶ፣ ሆዱ ተጣብቆ

አኳሪየም ለመንከባከብ ከምገባባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ስም ያልወጣለት አንድ ዓሣ አለ። ለጉፒዎቹና ለአንጀልፊሾቹ ልጆች ስም ያወጣሉ፤ ከታች ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ቡናማው ዓሣ ግን «አጽጂው» ነው። የተገዛውም መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ እንዲልስ ነው። ለሥራ የገዛነውን ፍጥረት ሥራውን እንጂ እሱን አናየውም። በሙያዬ ያጋጠመኝ የዚህ ዓሣ ሞት አብዛኛው የመጣው ከዚህ አለማየት ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን እንለይ። በየሱቁ «ፕሌኮ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ሁለቱ ይምታታሉ፤ ብሪስልኖዝ የሚባለው አንሲስትረስ እና ተራው ፕሌኮ። ሁለቱም የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ተወላጆች ናቸው፣ ገላቸው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፣ አፋቸውም ከሥር ሆኖ የነካውን ይዞ ይጣበቃል። ከእኛው አምባዛ ጋር የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሳሉ ብዙ ሰው አይለያቸውም። ሲያድጉ ግን ብሪስልኖዝ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቆም፣ ተራው ፕሌኮ 40 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ገዢዎች በብዛት የሚፈልጉት ጺሙን ነው። ከአፍንጫው እስከ ግንባሩ የሚወጣውን፣ ጫፉ የሚከፋፈለውን ሥጋማ ጺም የሚያበቅለው ግን የደረሰ ወንድ ነው። ሴቷ ወይ ጭራሽ የላትም፣ ወይ አፍንጫዋ ጠርዝ ላይ አጫጭር ብቻ ይታይባታል። ትንንሾቹም ገና አላወጡም። ስለዚህ እኔ የጀርባውን ክንፍ አያለሁ። ዓሣው ክንፉን እስኪዘረጋ ጠብቄ አጥንቶቹን እቆጥራለሁ፤ በብሪስልኖዝ 8 ገደማ ሲሆኑ፣ በገበያ የሚገኘው ተራ ፕሌኮ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በላይ አለው፣ ክንፉም ሰፊና ረጅም ነው። ቀጥሎ አፍንጫውን አያለሁ። የብሪስልኖዝ የአፍንጫ ጠርዝ ሰሌዳ የሌለው ለስላሳ ሥጋ ነው።

ይህን መለየት ለገዢው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ተራው ፕሌኮ አድጎ መስታወቱ ሲጠበው ባለቤቱ የት ያድርገው? ውኃ ውስጥ ይልቀቀው እንዳንል፣ በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ ግድብ የገባው የዚህ ዓሣ ወገን እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ተባዝቶ፣ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩበት የነበረውን የቲላፒያ ምርት አሽመድምዶታል። ቲላፒያ እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ የሐዋሳና የዝዋይ አጥማጅ እንጀራ ነው። የአኳሪየም ዓሣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ ፈጽሞ አይለቀቅም።

ወደ ምግቡ ልምጣ። አንዲት ደንበኛዬ መስታወታቸው እንዴት እንደጠራ በደስታ አሳዩኝ። «እትዬ፣ ለዚህኛው ማታ ማታ ምን ይሰጡታል?» አልኳቸው። «እሱማ የራሱን ፈልጎ ይበላል» አሉኝ። ዓሣው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ሆዱን በባትሪ አሳየኋቸው። ጠፍጣፋ ወይም በመጠኑ ሞላ ያለ መሆን ሲገባው፣ ከጎን ክንፎቹ ኋላ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይኖቹም ጎድጉደዋል። አልጌው ካለቀ ሰንብቷል። የጠራ መስታወት ለዚህ ዓሣ ባዶ ማዕድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዝኩኒ ታጥቦ ይላጣል፣ ተቆርጦ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ለስለስ ይላል፤ ከዚያ እንዳይንሳፈፍ የማይዝግ ሹካ ላይ ተሰክቶ መብራት ሲጠፋ ይገባል። ዓሣው የሌሊት ስለሆነ የሚበላውም ያኔ ነው። የተረፈው ጠዋት ይወጣል፣ አለዚያ ውኃውን ያበላሸዋል። ከሥር ለሚመገብ ዓሣ የተሠራ፣ ከአልጌ የተዘጋጀ ጠፍጣፋ ደረቅ ምግብም በየጊዜው ይጨመርለታል። እየፋቀ የሚውልበት፣ ሙጫና ጠንካራ ሽታ የሌለው ደረቅ ግንድም ያስፈልገዋል፤ ጥድና ባሕር ዛፍ አይሆኑም።

ብዙ የሚበላ ብዙ ያስወጣል። ውኃውን የሚያጸዱት ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውኃ የሚቀይሩ እጆች ናቸው፤ ዓሣው ቆሻሻ ጨማሪ ነው። የሚጨመረው የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ የወጣለት መሆን አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታችን። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሲቆም ይኸው ጥቂቱም ያልቃል። ብሪስልኖዝ አየር ውጦ በጨጓራው መተንፈስ ይችላል፤ ደጋግሞ ወደ ላይ ሲወረወር ካያችሁት ግን አየር እያጠረው ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑር። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሳሎኑን ስለሚያቀዘቅዘውም ከ23 እስከ 27 ዲግሪ የሚጠብቅ ሂተር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ያገኘ ዓሣ ምን እንደሚያደርግ ላየ ሰው ሁለተኛ «አጽጂ» አይለውም። ወንዱ ጠባብ ዋሻ ይመርጣል። ሴቷ ብርቱካናማ እንቁላሏን ጥላለት ስትሄድ በሩን በሰውነቱ ዘግቶ፣ በክንፉ ንጹሕ ውኃ እያራገበላቸው፣ ለምግብም እምብዛም ሳይወጣ እስኪፈለፈሉ ይጠብቃቸዋል። በመስታወት አጠገብ ቆሞ ይህን ያየ ልጅ ስለ አባትነት የሚማረው አለ።

አልጌ ካስቸገራችሁ የመብራቱን ሰዓት ቀንሱ፣ መስታወቱንም በስፖንጅ ጥረጉ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብሪስልኖዝን ግዙት ስል ግን እስከ 10 ዓመት፣ ከዚያም በላይ አብሯችሁ ሊኖር የሚችል ፍጥረት ልታሳድጉ ከሆነ ነው። ሆዱን በሳምንት አንድ ጊዜ እዩለት። ሌላውን ስህተት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ ታርሙታላችሁ።